የተተረተረው እጥፋት

ልብስ ሰፊ ቤት ያደገ ሰው ሁለት ልማድ ከደሙ አይወጣም። አንደኛው ክር የተጠመጠመበት መርፌ አንገትጌው ሥር ሰክቶ መዞር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጨርቅ ሲቆርጡ ለስፌት አንድ ጣት ትርፍ መተው። ትርፍ ሳይተው የሚቆርጥ ሰው በልብስ ሰፊ ፊት እብድ ነው። የዚች ልጅ ጣጣም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ኮሌጁ በየክረምቱ አርባ ተማሪ ጠርቶ ስምንት ሳምንት ሙሉ ዶርም ውስጥ አስቀምጦ ያዘጋጃል። በመጨረሻ የሚቀበለው ግን ሃያ ሁለቱን ብቻ ነው። የቀሩት አሥራ ስምንቱ አንሶላቸውን አጣጥፈው ወደመጡበት። በመጀመሪያው ቀን ይሄ አዳራሽ ውስጥ ሲነገር የሳለ ሰው እንኳ አልነበረም። ሁሉም አጠገቡ የተቀመጠውን በዐይኑ መዘን አደረገና መልሶ ወደፊት አየ። እንዲህ ተደርጎ ደግሞ «እርስ በርሳችሁ ተረዳዱ» ይባላል።

እሷ የገባች ቀን የአባቷ ሜትር አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ጠዋት ሱቅ ውስጥ የአንዲት ደንበኛ ወገብ ስትለካ ቆይታ፣ አውቶቡስ እንዳያመልጣት ስትሮጥ በዚያው ይዛው መጣች። የዶርም ጓደኛዋ አየቻትና ከት ብላ ሳቀች። «ሜትር ብየሻለሁ» አለቻት። ስሙ ከምሳ በፊት አርባውም ጋ ደረሰ። ጓደኛዋን ራሷን ደግሞ «ዶክተር» ይሏታል፤ ራሱን ያመመው ሁሉ ዘንድ ሄዳ «ውሃ ጠጣ» ብላ ስለምታዝ። መድኃኒቷም ምክሯም ያው ውሃ ነው።

ለጉዞዋ አባቷ ሰማያዊ ቀሚስ ሰፍቶላት ነበር። የታችኛውን እጥፋት በመኪና ሳይሆን በእጁ ነው የሰፋው። «የእጅ ስፌት ይጠነክራል» አላት። እውነት ነው፣ ይጠነክራል። ግን እጥፋቱ በስተግራ በኩል ሁለት ጣት ዘሞ ነበር። ሠላሳ ዓመት መቀስ የያዘ ሰው፣ የሰው ትከሻ በዐይኑ አይቶ ቁጥሩን የሚነግር ሰው፣ ለገዛ ልጁ የዘመመ ቀሚስ ሰፋ። ልብ ካላየ ዐይን አያይም ይባላል፤ የእሷ ልብ ግን ካየ ሰንብቷል። ጠመኔው ፊቱ ተቀምጦ እየዳበሰ ሲፈልገው፣ «መብራቱ ደከመ» እያለ በቀትር በር ላይ ወጥቶ ሲሰፋ አይታለች። ቀሚሱን ለበሰችው፣ ዞር ዞር ብላ አሳየችው፣ ስለ እጥፋቱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

አውቶቡሱ በር ላይ እጇን ይዞ «ስሚኝ እናቴ» አላት። «ካለፍሽ ሂጂ፣ አልይዝሽም። ካላለፍሽ ግን ተመለሺና መቀሱን ያዢልኝ። እጄ ትንሽ ደክሞኛል።»

እጄ ነው ያለው። ዐይኔ አላለም።

«እሺ አባዬ» አለች። ውሉ ይሄው ነበር። ስምንት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የነሳትም ይሄው ውል ነው፤ ሱቁን ስለምትጠላ አይደለም። መቀስ ጨርቅ ውስጥ ሲገባ የሚያሰማውን ድምፅ ትወዳለች። ግን ሰው የሚወደውን ነገር ወድቆ ሲመለስበት እንደ ቅጣት ይሆንበታል፤ ይሄን ነበር የፈራችው።

ኮሌጁ ውስጥ ሂሳቡም ሌላውም እንደምንም ተያዘላት። የገደላት የወርክሾፕ ትምህርት ነው። መምህሩ ኢንጂነር ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከደረት ኪሳቸው የብረት ማስመሪያ የማይለይ፣ ሲስቁ ታይተው የማያውቁ። በመጀመሪያው ሳምንት ከካርቶን ላይ አንድ አራት ማዕዘን ቁረጡ አሉ። ሁሉም ቆረጠ። የእሷን አንስተው ለኩት፤ ዙሪያውን አንድ አንድ ጣት ይበልጣል።

«ይሄ ምንድነው?»

«ለስፌት የተተወ ነው» አለች፣ አፏ ቀደማት።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኢንጂነሩ አልሳቁም። «እዚህ ቤት ቀሚስ አንሰፋም። መስመር መስመር ነው። ትርፍ የሚባል ነገር ከጭንቅላትሽ አውጪ» አሏት።

ልማድ እንደ ቀለበት ወልቆ የሚቀመጥ መሰላቸው እንዴ? በሁለተኛው ሳምንት ደገመችው። በሦስተኛውም። እጇ መቀሱን ሲይዝ በራሱ ጊዜ ከመስመሩ ወጣ ብሎ ይሄዳል፤ እሷ የምታውቀው ከተቆረጠ በኋላ ነው። ኢንጂነሩ ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው ትርፏን ይከብቡባታል፤ ነጥቡን ይቀንሳሉ። በየአርቡ ደረጃ ሲለጠፍ ሃያ ሰባተኛ፣ ሃያ ስድስተኛ፣ ደግሞ ሃያ ሰባተኛ። በሩ ላይ ያለችው ሃያ ሁለተኛ መስመር ከእሷ በላይ ተቀምጣ ታያታለች።

ከዚያ እልህ ያዛት። መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ «ትርፍ የለም» ብላ ጻፈች፤ ሲታጠብ ደግማ ትጽፋለች። የአሮጌ ደብተር ቅጠል እየቀደደች አልጋዋ ላይ ተቀምጣ መስመር ላይ፣ መስመር ላይ ብቻ መቁረጥ ተለማመደች። ዶክተር ከላይኛው አልጋ አንገቷን አስግጋ «ሜትር፣ ወረቀቱ ምን አደረገሽ?» ትላታለች። አትመልስላትም። በስድስተኛው ሳምንት እጇ እሺ አለ። ሃያ አራተኛ ወጣች። በሰባተኛው ሃያ ሦስተኛ። አንድ ሰው ብቻ ቀራት።

ቤት የሚደወለው እሁድ እሁድ ነው፣ ኮሪደሩ ላይ ባለው ስልክ፣ ለአንድ ሰው አሥር ደቂቃ። በመጨረሻው እሁድ አባቷ «ስንተኛ ወጣሽ?» ሲላት ከጀርባው የአንዲት ሴት ድምፅ ተሰማ። «ኧረ ይሄኛው እጅጌ ከዚያኛው ያጥራል» ትላለች። አባቷ ስልኩን በእጁ ሸፈነው። ሲመለስ ድምፁን አሳምሮ «ሥራ በዝቷል፣ ደህና ነኝ» አላት። የቀረውን ስድስት ደቂቃ ስለ አየሩ ተጨዋወቱ።

የፈተናው ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወርክሾፑ ተከፈተ። ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ ወፍራም ካርቶን፣ መቀስ፣ ማስመሪያ፣ አንድ ጠርሙስ ኮላና አንድ መመሪያ ወረቀት ተቀምጧል። ርዝመቱ ሠላሳ፣ ወርዱ ሃያ፣ ቁመቱ አሥራ አምስት ሳንቲሜትር የሆነ ክፍት ሳጥን ሥሩ፣ አራት ኪሎ አሸዋ ይሸከም ይላል። ሁለተኛ ካርቶን የለም። ቆርጦ የጨረሰ እጁን ያነሳል፤ ኢንጂነሩ ቁርጥራጩን ወስደው ይመዝናሉ፤ ብዙ ቁርጥራጭ የመለሰ፣ ካርቶን ቆጥቧልና ነጥብ ያገኛል። አንዴ የተመለሰ ቁርጥራጭ አይነካም። የተሰጠው ጊዜ ሦስት ሰዓት ነው።

አሥር ጊዜ ለክቶ አንዴ መቁረጥን እሷን ማንም አያስተምራትም። ለካች። መሃሉ ላይ ወለሉን፣ በአራቱ ጎን አራቱን ግድግዳ ሳለች፤ ተቆርጦ ሲታጠፍ ሳጥን ይሆናል። መዳፏን አየች፤ «ትርፍ የለም» ይላል። መቀሱን አነሳችና አራቱንም ማዕዘን ሙሉ በሙሉ፣ እንደ ምላጭ በመስመሩ ላይ ቆርጣ አወጣች። እጇ አንዲት ፀጉር አልሳተም። ቀና ስትል ዶክተር በየማዕዘኑ ጠባብ ጠባብ ክንፍ አስቀርታ ስትቆርጥ አየች። ምስኪን፣ ትርፍ ተወች፣ ብላ አዘነችላት። እውነቷን ነው፣ ከልቧ ነው ያዘነችላት።

እጇን አነሳች፤ ከክፍሉ የመጀመሪያዋ። ኢንጂነሩ መጥተው ቁርጥራጩን ሰበሰቡ፣ መዘኑ፣ ጻፉ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ካርቶን ቆም ብለው ተመለከቱት። በፈተና ቀን ቃል አይወጣቸውም፤ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሄዱ። ደስ አላት። ስምንት ሳምንት የጠበቀችው ምስጋና መሰላት።

ግድግዳዎቹን አጥፋ አቆመች። የኮላውን ክዳን ከፈተች። ጠርሙሱን እንደያዘች ቆመች።

ኮላው ምን ላይ ይቀባል?

ግድግዳው ከግድግዳው ጋር ጠርዝ ለጠርዝ ተፋጧል። አንዱ በሌላው ላይ የሚተኛበት አንዲት ጣት ካርቶን የለችም። ዙሪያዋን አየች፤ ሠላሳ ዘጠኙም ጠረጴዛ ላይ ክንፍ አለ፣ ቆርጠው የጨረሱት ኮላውን ክንፉ ላይ እየቀቡ ነው። ክንፉ ትርፍ ነው። ለስፌት የሚተወው ትርፍ፣ ያው የአባቷ አንድ ጣት። ስምንት ሳምንት ሙሉ ከእጇ ላይ ስትፍቀው የከረመችውን ነገር፣ በሚያስፈልግበት በአንዲቷ ቀን ፍቃ ጨረሰችው። የመምህር ልጅ፣ የሹፌር ልጅ፣ ማንም ይሄን አይሳሳትም። የልብስ ሰፊ ልጅ ብቻ ናት እንዲህ አድርጋ የምትሳሳተው።

ቁርጥራጩ ከኢንጂነሩ ጠረጴዛ ላይ ከሚዛኑ ጎን ተከምሯል፣ አይነካም። አንድ ሰዓት ከሩብ ቀርቷል። ጠርዝ ለጠርዝ ኮላ ቀብታ ይዛ ሞከረች፤ እጇን ስትለቅ ፍርክስ አለ። ደግማ ሞከረች። ፍርክስ። የአባቷ መቀስ፣ ደንበኛዋ፣ የሚያጥረው እጅጌ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ፊቷ ላይ ተደቀነ። የፈሩት ይደርሳል አሉ።

በዚህ መሃል ጫማዋን አንድ ነገር ነካት። ዝቅ ብላ አየች። ዶክተር የራሷን ቁርጥራጭ ገና አልመለሰችም ነበርና አንድ ረዘም ያለ ቁራጭ በእግሯ እየገፋች ጠረጴዛዋ ሥር አድርሳላታለች። ፊቷን ወደ ሥራዋ እንዳዞረች፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ «ክንፍ አርጊው» አለቻት።

ሜትር ቁራጩን በጫማዋ ረገጠችው። አራት ቀጭን ክንፍ ይወጣዋል፣ በደንብ ይበቃል። ኢንጂነሩ ሦስት ጠረጴዛ ርቀው ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ጎንበስ ማለት ብቻ ነው። ዶክተር ሃያኛ ናት፤ ከተያዙ ሁለቱም ዛሬውኑ ሻንጣቸውን ይይዛሉ። ረግጣው ቆየች፣ አንድ ደቂቃ ይሁን ሁለት ራሷም አታውቀውም። ከዚያ ቁራጩን በእግሯ መልሳ ገፋችው።

«እብድ ነሽ» አለች ዶክተር በሹክሹክታ።

መመሪያውን እንደገና አነበበችው። «ግድግዳዎቹ ይያያዙ» ይላል። በኮላ አይልም። ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ ሦስቱንም ጊዜ ኮላ የሚል ቃል የለም። ኮላው ጠረጴዛ ላይ ስለተቀመጠ ነው ሁሉም በኮላ ነው ብሎ ያመነው። እጇ ወደ አንገትጌዋ ሄደ። መርፌው አለ፣ ጥቁር ክሩ እንደተጠመጠመበት።

ካርቶን ጨርቅ አይደለም። ጠርዙ ላይ ከወጉት ይቀደዳል፣ ክሩን ካጠበቁት ይቆርጠዋል። ግማሽ ጣት ገባ ብላ ወጋች፣ አንድ ጣት አራርቃ ሄደች፣ ክሩን ሳትጎትት ልኩ ላይ ተወችው። ካርቶኑ ወፍራም ስለሆነ መርፌው አልሄድ ብሎ ጣቷን በሳው። የኮላውን ክዳን አንስታ በእሱ መግፋት ጀመረች፤ ኮላው በዚያን ቀን የጠቀማት እሱኑ ብቻ ነው። አንድ ማዕዘን ቆመ። ሁለተኛው ቆመ። ሦስተኛውን ልትጀምር ክሩ አለቀ።

ሠላሳ አምስት ደቂቃ ቀርቷል።

ሹራብ የለበሰ ሰው ፈለገች፣ የለም። የጫማዋ ማሰሪያ ከመርፌው ቀዳዳ አያልፍም። ዝቅ ስትል የቀሚሷን እጥፋት አየች። አባቷ በእጅ ሲሰፋ ክሩን ደርቦ ነው፤ በሰም ያሸዋል፤ እስኪያልቅ አይበጥሰውም። ያ እጥፋት ውስጥ ለዚህ ሥራ የሚበቃ ክር አለ።

ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ቋጠሮውን በጥርሷ በጠሰችና መተርተር ጀመረች። በቀኝ በኩል ስፌቱ የአባቷ ነው፤ እኩል፣ የሚያምር። ወደ ግራ ሲደርስ ተቀየረ። አንዱ ጋ ተቀራርቧል፣ አንዱ ጋ ዘልሏል። አንድ ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ ወግቶ ስቷል፤ ቀዳዳዎቹ ጨርቁ ላይ ቀርተዋል። እዚያ ጋ ስንት ጊዜ በጣቱ እንደዳበሰ አየችው። ማልቀስ ፈለገች፣ ጊዜ ግን አልነበራትም። ክሩን ሳበችው፣ ወጣላት፣ መርፌዋ ውስጥ አስገባች።

አራተኛውን ማዕዘን ቋጥራ ስትጨርስ ኢንጂነሩ «ይበቃል፣ እጅ ከጠረጴዛ» አሉ።

አሸዋው በባልዲ መጣ። በየጠረጴዛው እየዞሩ በማስመሪያቸው ይለካሉ፣ ከዚያ አሸዋውን ይጨምራሉ፣ ሳጥኑን አንስተው እስከ ሃያ ይቆጥራሉ። የአንዱ ሥሩ ተከፍቶ አሸዋው እግራቸው ላይ ፈሰሰ። የዶክተር ጸና። የእሷ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ክፍሉ ውስጥ አንገቱን ያላስረዘመ የለም።

«ኮላሽ ምን ሆነ?»

«ክንፍ ሳልተው ቆረጥኩ፣ ኢንጂነር።»

«ለምን?»

«ትርፍ የለም ስላሉኝ።»

የሳቀ አልነበረም። ኢንጂነሩ መመሪያውን አንስተው ራሳቸው የጻፉትን አነበቡት። ቀስ ብለው መልሰው አስቀመጡት። ለኩ፤ ሠላሳ፣ ሃያ፣ አሥራ አምስት፣ ልክ። አሸዋውን ጨመሩ፣ አነሱት። ከሁለት የመርፌ ቀዳዳ ቀጭን አሸዋ ይፈስ ጀመር። አሥር። አሥራ ሁለት። እሷ ትንፋሿን ይዛ ስፌቱን ብቻ ታያለች። አሥራ ዘጠኝ። ሃያ። ሳጥኑን አወረዱት፤ አንድ ማዕዘን አልተነቃነቀም።

«ያፈሳል» አሉ። ጻፉ። ከዚያ ዐይናቸው ከጠረጴዛው በታች የተንዘላዘለው ቀሚሷ ላይ አረፈ፤ አሁንም አንድ ነገር ጻፉ። «ተቀመጪ» ብለዋት ወደሚቀጥለው አለፉ።

ውጤቱ በሁለተኛው ቀን ተለጠፈ። ከታች ወደ ላይ አነበበች፤ ከላይ መጀመር አልደፈረችም። ሃያ ሁለተኛዋ እሷ አይደለችም። ዐይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ሃያ አንደኛው መስመር ላይ ስሟ ነበር። ዶክተር ከኋላዋ አንገቷን አቅፋ «ውሃ ጠጪ» አለቻት።

ስልኩ ጋ ሄደች። እሁድ አልነበረም፣ ግን ማንም አልከለከላትም።

«አለፍኩ አባዬ።»

በወዲያ በኩል የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። «እሰይ» አለ። «እሰይ የኔ እናት።» ወንበር ሲስብ ተሰማ። «ቀሚሱስ? ለበሽው?»

«እጥፋቱን ተረተርኩት» አለችና የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወ።

«ዘሞ ነበር አይደል?»

የለም ልትለው ትችል ነበር። «ትንሽ» አለች።

«ትንሽ አይደለም። በጣቴ ዳስሼ አውቄዋለሁ። ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠብቄሽ ነበር።»

«እንዴት ብዬ አባዬ?»

«እኔስ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?» አለና ቀጠለ። «የመርፌ ቀዳዳ ካየሁ ዓመት አለፈኝ» አላት። «ደንበኛ ሲመጣ ከሰላምታ ቀጥሎ ክር አስገቡልኝ ነው የምለው። ሰው አልተቀየመኝም፣ ደህና ናቸው።»

«ታዲያ እንዴት አድርጌ ነው የምሄደው?»

«ውል ውል ነው» አለ። «ካለፍሽ ሂጂ ብያለሁ። ምነው፣ ቃሌን ልታሳጥፊኝ ነው?»

ትምህርቱ እስኪጀመር አሥራ ሁለት ቀን ነበራት። ቤት ገብታ ሻንጣዋን እንኳ ሳትፈታ መርፌ በፓኮ ገዛች። ሱቁ በር ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ ክር ታስገባለች፣ ትደርባለች፣ በሰም ታሻለች፣ ትቋጥራለች። ጥቁሩን መርፌ በሚሰካበት ትንሽ ትራስ ላይ በግራ በኩል፣ ነጩን በቀኝ፣ ሰማያዊውን በመሃል በረድፍ በረድፍ ትሰካለች፤ በእጁ ዳስሶ እንዲያገኘው። የሚቆረጠውን ጨርቅ ሁሉ ቆርጣ ከመረችለት፣ አንድ አንድ ጣት ትርፍ እየተወች። የቀሚሷንም እጥፋት መልሳ ሰፋችው።

«ስንት ሆነ?» አላት በመጨረሻው ቀን።

«መቶ ሠላሳ።»

«እስከ መቼ ያደርሰኛል?»

«ካላባከንከው እስከ መጀመሪያው እረፍት። ስመጣ ደግሜ እሞላልሃለሁ።»

ትራሱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በጣቱ ጫፍ መቁጠር ጀመረ። ቸኮል አላለም። አውቶቡሱ ሊደርስ ነው፣ እሷ ቦርሳዋን ይዛ ቆማ ትጠብቀዋለች። ረድፎቹን ሁሉ ጨርሶ እጁን አሳረፈ።

«አንድ ይጎድላል» አላት።

እጇ ወደ አንገትጌዋ ሄደ። «እሱ እኔ ጋ ነው አባዬ» አለችው።